በጎንደር የሚሸጠው የመተንፈሻ ሕክምና የኪስ ካርድ፦ ትክክለኛ ቁጥር፣ ያልተጻፈ ከፍታ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አካባቢ ከሚገኙት የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ፣ ከእስክሪብቶና ከማርከር አጠገብ፣ ከጋውን የደረት ኪስ በልኩ የሚገባ፣ በላስቲክ የታሸገ ባለ ሁለት ገጽ ካርድ በ120 ብር ይሸጣል። በአንደኛው ገጽ የቫይታል ሳይን (የትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የሙቀት፣ የደም ግፊት) መደበኛ ልኬቶች በዕድሜ ተከፋፍለው፣ በሌላኛው የደም ጋዝ (በደም ያለ የኦክስጅን፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድና የአሲድ መጠን)፣ የሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ የኤሌክትሮላይት (የደም ጨዎች)ና የጥቂት ኬሚስትሪ ምርመራዎች መደበኛ ወሰኖች ታትመዋል። ርእሱ በአማርኛ «ለመተንፈሻ ሕክምና» ይላል፤ የቀረው ሁሉ በላቲን ፊደል ነው። አዘጋጁ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደታተመ፣ ቁጥሮቹም ከየት እንደተወሰዱ የሚገልጽ መስመር የለበትም። ከተማሪዎችና ከኢንተርኖች (ከተለማማጅ ሐኪሞች) አልፎ፣ ቤታቸው በኦክስጅን የሚረዳ ሕመምተኛ ያለባቸው ቤተሰቦችም ሲገዙት ስላየሁ፣ በመተንፈሻ ሕሙማን ክፍል እንደሚሠራ ነርስ ሆኜ ካርዱ ለማን እንደሚጠቅምና የት ላይ ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ልጽፍ ወደድሁ።

አስተያየቴን አስቀድሜ ልናገር። በካርዱ ላይ የታተሙት ቁጥሮች በየመማሪያ መጻሕፍቱ ከሚገኙት ጋር ይስማማሉ፤ በዚህ በኩል የሚነቀፍ ነገር አላገኘሁበትም። ችግሩ ከኦክስጅን ጋር የተያያዙት ቁጥሮች ሁሉ በባሕር ጠለል ላይ የሚኖር ጤነኛ ሰው ቁጥሮች መሆናቸው፣ ካርዱም ይህን በአንዲት ቃል እንኳ አለመጠቆሙ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በጎንደር የሚሸጥ ካርድ ደግሞ የጎንደርን አየር የማያውቅ ከሆነ፣ ገዢው በሌሊት ተረኛነት ብቻውን ሲቀር የሚወስነው ውሳኔ ላይ ጣልቃ መግባቱ አይቀርም።

ስለ ኅትመቱ ብዙ የምለው የለም። ፊደሉ ትንሽ ቢሆንም ጥቁሩ ከነጩ በደንብ ይለያል፤ መብራት ደብዘዝ ባለበት ክፍልም ያለ ችግር ይነበባል። ላስቲኩ በአልኮል ሲወለወል አይደበዝዝም፤ ይህ በየአልጋው ለሚዞር ዕቃ ቀላል ነገር አይደለም። ማዕዘኖቹ ግን ስል ሆነው ስለተቆረጡ ኪስ ይቀዳሉ፤ በመቀስ ክብ ማድረግ ይሻላል፤ ጫፉን እስከ ወረቀቱ ድረስ የቆረጠ ሰው ግን ውኃ እንደሚያስገባበት ይወቀው።

የፊተኛው ገጽ የካርዱ ምርጥ ክፍል ነው። የአዋቂ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20፣ የልብ ምት ከ60 እስከ 100 በማለት ብቻ አያልፍም፤ ለሕፃናት የዓለም ጤና ድርጅት «ፈጣን ትንፋሽ» ብሎ የለያቸውን ወሰኖች በቀይ አስቀምጧል። ዕድሜው ከሁለት ወር በታች የሆነ ሕፃን 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጣን ነው። በጤና ጣቢያ ደረጃ ሳል ያለበትን ሕፃን በሳንባ ምች ለመጠርጠር እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ የሚያገለግሉ በመሆናቸው፣ ካርዱ ጎልተው እንዲታዩ ማድረጉ ያስመሰግነዋል። ከሥራቸውም «ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠር» የሚል መመሪያ አለ። ሕፃን ትንፋሹ አንድ ጊዜ ፈጠን አንድ ጊዜ ዝግ ስለሚል፣ በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት የአንድ ትንፋሽን ስሕተት ወደ አራት ያሳድጋል። እያለቀሰ ወይም እየጠባ ባለ ሕፃን ላይም መቁጠር እንደማይገባ ቢጨመርበት መልካም ነበር።

እዚህ ላይ ካርዱ የማይፈታው፣ ነገር ግን የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ። ከቫይታል ሳይኖች ሁሉ ሳይቆጠር የሚጻፈው ትንፋሽ ነው። የደም ግፊትን መሣሪያው ይነግረናል፣ የልብ ምትን ጣት ላይ የሚገጠመው ኦክሲሜትር ያሳየናል፤ ትንፋሽን ግን ሰው ቁጭ ብሎ ደረትን እያየ መቁጠር አለበት። በዚህም ምክንያት በብዙ ቻርቶች ላይ ጠዋትም ማታም፣ ትኩሳት ያለበትም የሌለበትም፣ «20» የሚል ቁጥር ተሰልፎ ይታያል። ሕመምተኛው እየደከመ መሆኑን ግን ከሌሎቹ ቀድሞ የሚናገረው ይኸው ቁጥር ነው። ሳቹሬሽኑ (ደሙ መያዝ ከሚችለው ኦክስጅን የያዘው በመቶኛ) ገና 94 ላይ ያለ ሰው ትንፋሹ ከ18 ወደ 28 ከወጣ፣ ሳቹሬሽኑን 94 ላይ ያቆየው በድካሙ እንደሆነ መጠርጠር ይገባል፤ ድካሙ ሲያሸንፈው ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ። ትንፋሹ ከ30 ወደ 14 ዝቅ ያለና እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው የአስም ሕመምተኛ በካርዱ መሠረት «መደበኛ» ላይ ነው፤ በእውነቱ ግን ወደ መተንፈሻ ማሽን እየቀረበ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል።

ስለ ሙቀትና ስለ ደም ግፊት የተጻፈው በቂ ነው። ሙቀትን ከ36.5 እስከ 37.5 ሲል በብብት ይሁን በአፍ አልገለጸም፤ በብብት የሚለካው ከአፉ ግማሽ ዲግሪ ያህል እንደሚያንስ ነርስ ሁሉ ስለሚያውቀው ጉዳቱ ብዙ አይደለም፤ ለቤተሰብ ግን ሊያሳስት ይችላል።

ከገጹ ግርጌ የእንግሊዝ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣውና በ2017 ያሻሻለው የማስጠንቀቂያ ነጥብ በትንሽ ሰንጠረዥ ተካቷል። ነጥቡ የትንፋሽን፣ የሳቹሬሽንን፣ የልብ ምትን፣ የደም ግፊትን፣ የሙቀትንና የንቃትን ልኬት ደምሮ ሐኪም መቼ መጠራት እንዳለበት የሚያመለክት ጥሩ ዘዴ ነው። በሳቹሬሽን ረድፉ ግን 96ና ከዚያ በላይ ዜሮ፣ 94 እና 95 አንድ፣ 92 እና 93 ሁለት፣ 91ና ከዚያ በታች ሦስት ነጥብ ያሰጣል፤ በአንድ ልኬት ብቻ ሦስት ያገኘ ሕመምተኛም አስቸኳይ ክትትል ይፈልጋል። ይህ ለለንደን ተዘጋጅቶ ለለንደን የሚሠራ ነው። በእኛ ከተማ ለእግር ስብራት የተኛ፣ ሳንባው ምንም ያልሆነ ወጣት 93 ይዞ ሁለት ነጥብ ሲቆጠርበት ይውላል፤ ተረኛው ሐኪምም ለእንዲህ ያለው ጥሪ መመላለስ ሲሰለቸው፣ በእውነተኛው ጥሪ ላይ የመዘግየት አደጋ ይመጣል።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ካርዱ በክፍል አየር ላይ ያለ ጤነኛ ሰው ሳቹሬሽኑ ከ95 እስከ 100 በመቶ፣ በደም ቅዳ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው ይላል። ስሌቱን እንሥራው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 760 ነው፤ በሳንባ ውስጥ ያለው የውኃ ተን 47 ሲቀነስለት 713 ይቀራል፤ ከዚህ 21 በመቶው፣ ማለትም 150 ገደማ፣ የኦክስጅን ድርሻ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 40 ከሆነ በ0.8 ተካፍሎ 50 ይቀነሳል፤ በሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ 100 ይቀራል። የካርዱ ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው። ጎንደር ላይ የአየር ግፊቱ 590 ገደማ ነው። ተኑ ሲቀነስ 543፣ 21 በመቶው 114 ይሆናል። ሰውነት ከፍታውን ለመካስ ጥቂት አብዝቶ ስለሚተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን 36 ብንለው፣ ተካፍሎ 45 ይወጣል፤ የሚቀረው 69 ነው። ከከረጢቱ ወደ ደም ሲሻገር ጤነኛ ሳንባም ጥቂት ስለሚያጎድል፣ በደም ቅዳ የሚገኘው ከ60ዎቹ አጋማሽ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ በጎንደር አየር እንደወትሮው የሚተነፍስ ጤነኛ ሰው ካርዱ «ዝቅተኛው መደበኛ» ካለው ከ80 መድረስ አይችልም። ከዚህ ግፊት ጋር የሚሄደው ሳቹሬሽንም ከ92 በላይ ጥቂት ነው፤ እኔም ሕመም በሌለባቸው ሰዎች ጣት ላይ ብዙ ጊዜ የማነበው በ92 እና በ96 መካከል ያለውን ነው።

ይህን ስል ግን ከፍታን ምክንያት አድርጎ ዝቅ ያለ ቁጥርን ሁሉ በዝምታ ማለፍ ይገባል ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ነገሩ ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል። ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ኦክስጅን የሚይዝበት መስመር ከ60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ዘና ያለ ነው፤ ከዚያ በታች ግን ቁልቁል ይወርዳል። 60 ማለት ሳቹሬሽን 90 ገደማ ማለት ነው። በባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው ከ95 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ተነስቶ ወደ 60 እስኪወርድ ብዙ መንገድ አለው፤ ጎንደሬው ግን ገና ጤነኛ ሳለ ከገደል አፋፍ እንደቆመ ሰው ነው። መጠነኛ የሳንባ ምች ያን ጥቂት ርቀት በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ስለዚህ እዚህ ከተማ 93 የሆነን ሰው በኦክስጅን አለመሸፈን ትክክል ቢሆንም፣ ሳል ላለበት ሰው 93 ሲሆን ቶሎ ቶሎ መለካት ያስፈልጋል። ካርዱ አንድ ወሰን ብቻ በመስጠቱ ይህን ልዩነት አያሳይም።

አንድ ጠዋት ካርዱን አዲስ የገዛች ተማሪ ኦክሲሜትሯን ለመሞከር ልጃቸውን ሊያስታምሙ ከዳባት አካባቢ በመጡ እናት ጣት ላይ አደረገችው። 88 አለ። ተማሪዋ ካርዷን አውጥታ ካየች በኋላ ደንግጣ፣ «እናቴ፣ ትንፋሽ ያጥርዎታል እንዴ?» ስትላቸው፣ «ኧረ ምን ያጥረኛል ልጄ፤ ይህን ሁሉ ደረጃ በእግሬ ነው የወጣሁት» አሏት። እጃቸውን ያዝሁት፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፤ ጥፍራቸውም በእንሶስላ ቀልቷል። የሻይ ብርጭቆ ይዘው ጥቂት ከቆዩ በኋላ እንሶስላ ባልነካው ጣታቸው ላይ ስንለካው፣ የምቱ ሞገድ እኩል ከሆነ ወዲያ 94 ላይ ረጋ። ካርዱ ይህን ሊናገር የሚችልበት ባዶ ቦታ አለው፤ ጣት ሞቆ፣ ጥፍር ጸድቶ፣ ሞገዱ ረግቶ ሳይታይ ቁጥሩ አይጻፍ የሚል አንድ መስመር ከሳቹሬሽን ሥር ቢገባ ኖሮ ከከፍታው ቀድሞ የሚመጣውን ስሕተት ያስቀር ነበር። መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችልም ሊታወስ ይገባል፤ 92 ብሎ ያነበበው እውነቱ 89 ሊሆን የሚችልበት ጊዜ አለ። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ የመታውን ሰው ደግሞ ተራው ኦክሲሜትር ጨርሶ አያውቀውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደያዘ ስለሚቆጥረው 98 ብሎ ሊያሳይ ይችላል።

የአካባቢያችን ነገር ደግሞ ከአንድ ከተማ ከፍታ በላይ ነው። ወደ ጎንደር የሚላከው ሕመምተኛ ከመተማና ከሁመራ ቆላ፣ 700 ሜትር ገደማና ከዚያም በታች ካለ ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ በማግሥቱ አጠገቡ የሚተኛው ከ2,500 ሜትር በላይ ካለችው ከደባርቅ ወይም ከስሜን ተራራ ጫፍ የወረደ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ባወጣው ምክር እስከ 2,500 ሜትር ድረስ ለሚኖሩት ከ90 በመቶ በታች፣ ከዚያ በላይ ለሚኖሩት 87ና ከዚያ በታች ሲሆን ኦክስጅን እንዲሰጥ ይላል፤ ጎንደር በመጀመሪያው፣ ደባርቅ በሁለተኛው ትወድቃለች። ይህ ግን ስለ ደገኛው ሁሉ የሚበቃ መልስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ ተወልደው የሚኖሩ ሰዎችን ለክቶ አማካይ ሳቹሬሽናቸው 95.3 በመቶ፣ ሄሞግሎቢናቸውም በዴሲ ሊትር ለወንድ 15.9፣ ለሴት 15.0 ግራም ሆኖ አግኝቶታል፤ ይህም በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙ የማይለይ ነው። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች በተመሳሳይ ከፍታ ሄሞግሎቢናቸው ጨምሮ፣ ሳቹሬሽናቸው ቀንሶ ስለሚገኝ፣ የስሜን ሰው በዓለም ሳይንስ ዘንድ መነጋገሪያ የሆነው በዚህ ነው። እንግዲህ ከስሜን የመጡ አዛውንት 87 ሆነው ሲገኙ «ደገኛ ስለሆኑ ነው» ብሎ ማለፍ ከባድ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ካርዱ ቢያንስ «ከየት መጣ?» ለሚለው ጥያቄ ባዶ ቦታ ቢተው ኖሮ እጅግ ይሻል ነበር።

የኋለኛው ገጽ በደም ጋዝ ይጀምራል። የአሲድ መጠን ከ7.35 እስከ 7.45፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ35 እስከ 45፣ ባይካርቦኔት ከ22 እስከ 26 ነው፤ ከእነዚህ ሥር አራቱን የአሲድና የቤዝ መዛባቶች የሚለይ ቀስት ያለው ሥዕል አለ፤ ተማሪዎች ሲጠቀሙበት አይቻለሁ፤ በትክክልም ይመራል። ግን እዚህም ከፍታ ድርሻ አለው፤ የጎንደር ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በጥቂቱ ወደ ታች ያደላ ስለሆነ፣ በካርዱ ጫፍ ላይ ያለው 45 በለፋ የአስም ሕመምተኛ ላይ ሲታይ «መደበኛ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን የሚያሳስብ ቁጥር ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ በተፈጥሮዋ አብዝታ ስለምትተነፍስ 30 አካባቢ ትገኛለች፤ ለእርሷ 40 ከፍተኛ ነው፤ ካርዱ ግን ስለ እርግዝና ምንም አይልም። በአንጻሩ የደም መልስ ናሙናን በሌላ ዓምድ ማስቀመጡ ብልኅነት ነው፤ ከደም ቅዳ መቅዳት ሳይሳካ ከደም መልስ የተቀዳ ናሙና በሰፊው ስለሚያጋጥም፣ የኦክስጅን ግፊቱ 38 ሆኖ ሲወጣ ድንጋጤ እንዳይፈጠር ይረዳል። ናሙናው አየር አረፋ ከገባበት፣ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው) ከበዛበት ወይም ሳይመረመር ከቆየ ቁጥሩ እንደሚበላሽም በአንድ መስመር ጠቅሷል።

ከሁሉ ያዘንሁበት አቀማመጥ ግን ሄሞግሎቢን ከሳቹሬሽን ተለይቶ በሌላው ገጽ መቀመጡ ነው። ሳቹሬሽን ያለው ሄሞግሎቢን ስንት በመቶው ኦክስጅን እንደያዘ ይናገራል እንጂ ስንት ሄሞግሎቢን እንዳለ አይናገርም። አንድ ግራም ሄሞግሎቢን ሲሞላ 1.34 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይይዛል። ሄሞግሎቢኑ 14፣ ሳቹሬሽኑ 93 የሆነ ጤነኛ ሰው በአንድ ዴሲ ሊትር ደሙ 17.4 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይዞ ይሄዳል። ከመተማ እርሻ በካላዛር (ደም በሚያሳንስ በሽታ) ታሞ የመጣ፣ ሄሞግሎቢኑ 6 የሆነ የቀን ሠራተኛ ግን ሳቹሬሽኑ 97 ቢሆን እንኳ የያዘው 7.8 ብቻ ነው። ካርዱን የያዘ ተማሪ የመጀመሪያውን በፊት ገጹ «ዝቅተኛ»፣ ሁለተኛውን «መደበኛ» ብሎ ያልፋል። ከንፈር መጥቆርም ሁለተኛው ላይ አይታይም፤ ለመጥቆር በዴሲ ሊትር 5 ግራም ያህል ኦክስጅን የተለየው ሄሞግሎቢን ያስፈልጋልና፣ ስድስት ብቻ ያለው ሰው ከዚያ ሳይደርስ ይሞታል። የሴት ዝቅተኛ ወሰን 12 ተብሎ የተጻፈውም ለባሕር ጠለል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ ይመክርበት በነበረው ሰንጠረዥ ለ2,000 ሜትር 0.8 ይጨመርበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ጭማሪውን ከፍ አድርጎታል። የስሜን ጥናት ያገኘው ግን ይህ ጭማሪ ለኛ ደገኞች ምን ያህል እንደሚስማማ ያጠያይቃል፤ እኔ በግሌ 12.3 የሆነችን እናት በሰንጠረዥ ብቻ ደም ማነስ አለባት አልልም፤ ድካሟንና ያለፈ ምርመራዋን እጠይቃለሁ።

ነጭ የደም ሴል ከ4,000 እስከ 11,000 ተብሏል። በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ኒውትሮፊል (ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ዓይነት) ያለ በሽታ ዝቅ ብሎ መገኘቱ የታወቀ በመሆኑ፣ 3,600 የሆነ ጤነኛ ሰው ማየት አያስደንቅም። ከላይ ያለው ወሰን ደግሞ በመተንፈሻ ክፍል በየቀኑ ይታለፋል፤ አስም ተነስቶበት ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የወሰደ ሰው ኢንፌክሽን ሳይኖርበት ነጭ ሴሉም ስኳሩም ይወጣል። የአየር ቧንቧ ማስፊያው ሳልቡታሞል ደጋግሞ የተሰጠው ደግሞ ልቡ 120 ይመታል፣ ከ3.5 እስከ 5.0 መሆን የሚገባው ፖታሲየሙም ወደ ሴሎች ገብቶ ይወርዳል። ለመተንፈሻ ሕክምና ተብሎ የታተመ ካርድ የራሱ ክፍል መድኃኒቶች ቁጥሩን እንዴት እንደሚቀይሩ አለመጥቀሱ፣ ከሌላ አጠቃላይ ካርድ ተገልብጦ ርእስ ብቻ እንደተለወጠለት ያስጠረጥራል።

የመለኪያ ክፍሎቹም ወጥ አይደሉም። ክሬያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከ0.6 እስከ 1.2 ሲሆን፣ ስኳር ግን በሚሊ ሞል በሊትር 3.9 እስከ 5.6 ተብሎ ተጽፏል። በአካባቢያችን የሚወጣው የላብራቶሪ ውጤት ስኳርን በሚሊ ግራም ስለሚጽፍ፣ ገዢው በ18 እያባዛ ከ70 እስከ 100 መሆኑን ራሱ ማስላት ይኖርበታል። ላብራቶሪው በውጤቱ ወረቀት ላይ የራሱን መደበኛ ወሰን ካተመ ደግሞ የሚሠራው የካርዱ ሳይሆን ያ ነው፤ ማሽንና ኬሚካል ሲለያይ ወሰንም ይለያያልና።

ካርዱ በደንብ የሠራው አንድ ነገር ሳይጠቀስ መቅረት የለበትም። በሳቹሬሽን ረድፍ ጥግ ላይ ሥር የሰደደ የሳንባ መዘጋት ላለባቸው ሕመምተኞች ኦክስጅን ሲሰጥ ግቡ ከ88 እስከ 92 መሆኑን ጽፏል። ዕድሜያቸውን በጭስ ቤት እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እናቶች ሲጋራ ሳይነኩ በዚህ በሽታ ይመጣሉ፤ አስታማሚውም ከፍቅሩ የተነሣ የኦክስጅኑን መክፈቻ እያዞረ 99 ሲያደርሰው፣ ሕመምተኛዋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሞባት እንደ እንቅልፍ ያለ ነገር ይይዛታል። ያቺ አንዲት መስመር ለቤተሰብ ሲነበብላት የብዙ ምክር ያህል ትሠራለች። ከዚህ በቀር ግን ካርዱን ለቤተሰብ አልመክርም። ለቤት የሚበጀው የሚያክመው ሐኪም ለራሱ ለሕመምተኛው የጻፈው ቁጥር ነው፦ ደኅና በሆነበት ቀን ሳቹሬሽኑና ትንፋሹ ስንት እንደነበረ፣ ከስንት በታች ሲወርድ ወይም ከስንት በላይ ሲወጣ ወደ ሆስፒታል እንደሚመጣ።

ለተማሪ፣ ለኢንተርንና ለጤና ጣቢያ ባለሙያ ግን ለትንፋሽ ወሰኖቹና ለደም ጋዝ ሥዕሉ ሲባል 120 ብሩ አይበዛም። የሱቁን ባለቤት ስለ ከፍታው ነግሬያቸው ነበር፤ ካርዱ ተዘጋጅቶ የመጣላቸው በፋይል መሆኑንና እርሳቸው ማተም እንጂ ማረም እንደማይችሉ በትሕትና ነገሩኝ፤ ይሁን እንጂ ለጠየቀ ሰው ሳይታሸግ ይሸጡለታል። እንደዚያ መግዛት ይሻላል። በኦክስጅን ግፊቱ ረድፍ ጎን «ጎንደር ከ60 እስከ 70 ገደማ»፣ በሳቹሬሽኑ ጎን «92–96፤ ጣት ይሙቅ፤ ከየት መጣ? ሄሞግሎቢን?»፣ በስኳሩ ጎን «70–100» ብሎ በማይለቅ እስክሪብቶ ጽፎ ቀለሙ ሲደርቅ እዚያው ማሳሸግ ይቻላል። ያልታሸገው 90 ብር ነው፤ የማሸጊያው 30 ብር ለብቻው ይከፈላል።